የክንድ ልክ

የሌሊት ተረኛ ሥራዬን ጨርሼ፣
ነጩን ጋዋን ጥዬ ሹራቤን ለብሼ፣
የዕቁቤን ብር ይዤ በባጃጅ ገስግሼ፣
ዘንባባው ካለበት ከሰፊው ጎዳና
ከአንሙት ሱቅ ደረስኩ፤ አልከፈተም ገና።
ሦስት እትብት ቆርጬ ሌሊቱን ስላለፍኩ፣
እስኪከፍት በሩን ደረጃው ላይ አረፍኩ።
ትከሻዬ ዝሏል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ጎንበስ ቀና ማለት፣ አጥንቶቼ ያውቃሉ።

ዓሣ ሻጭ በሲባጎ እንደሚደረድር
ጊታሮች ተሰቅለው፣ ግድግዳው ዳር እስከ ዳር።
አንሙት አወረደ መጀመሪያ ትልቁን፤
«ይሄ ነው ድምፅ ማለት! ስሚ እስኪ ልኩን!
ለመድረክ፣ ለሠርግ ቤት፣ ለድንኳን የሚሆን፤
ማይክ አያስፈልገው፣ ይበቃዋል ብቻውን!»

አቀፍኩት።
ደረቱ ደረቴን ወደ ኋላ ገፋው፤
ብብቴ ተከፍቶ እጄ መንገድ ጠፋው፤
ትከሻዬ ወጣ እስከ ጆሮ ግንዴ፣
ክሩን ልንካ ብሎ ሲንጠራራ ክንዴ።
ወፍራሙን ክር መታሁ፦
ከደንገሉ መሃል ጉማሬ አገሳ፤
ቀጭኑ ክር ሞከረ፣ ከሥሩ አልተነሳ።

«ያምራል» አልኩት። አልዋሸሁም።
ግን የኔ መድረክ አልጋዬ ነው፤
ከግድግዳው ማዶ ባጃጅ ነጂ ተኝቷል፤
ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ይወጣል።

ቀጥሎ አመጣልኝ ከሁሉም ትንሿን፤
«የልጅ ናት» እያለ አራግፎ አቧራዋን።
በአንድ እጄ አነሳኋት፤ ጣቴን ሳሳርፍባት
እንደ ትንኝ ጮኸች፤ ሆድ የሚባል የላት።
አንገቷ ወደ ታች፣ ወደ መሬት እያለ
ግራ እጄ ለድጋፍ ዘበኛ ሆኖ ዋለ።
(ሚዛን የሌለው ዕቃ ሠራተኛ ይቀጥራል፤
የሚቀጥረው ደግሞ ያንቺኑ እጅ ነው።)

አንሙት ተሰላቸ። «ትልቁ ከበደሽ፣ ትንሿ ቀለለች፤
እህቴ፣ አንቺ የምትሺው የት ተሠርታለች?»

ከከበሮው ጀርባ አንዲት ቡናማ አየሁ፤
ጎኗን ተጭራለች፤ «ያቺስ?» ብዬ ጠየቅሁ።
«እሷን ሰው አይሻትም፤ ወገቧ ይጠባል፤
ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ ዋጋዋም ይቀንሳል።»

ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ
ወገቧ ቦታ አገኘ፤ ክንዴ ወርዶ አረፈ፤
የትከሻዬ ድካም እንደ ወፍ ከነፈ።
ሁለቱን እጆቼን ለቀቅኩ፣ ልፈትናት።
አልወደቀችም።
አንገቷም አላጋደለ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

መታሁ። ወፍራሙ ክር ዝግ ብሎ ጀመረ፤
መሃሉ ገባበት፤ ቀጭኑ ጨመረ፤
አንዱ ባንዱ አፍ ላይ እጁን ሳይጭንበት
ሁሉን በየድምፁ፣ በየተራው ሰማሁት።

ይሄን ነገር አውቀዋለሁ።
ትናንት ሌሊት ስድስት ላይ፣ ከዘጌ በጀልባ፣
አንዲት እናት መጣች ምጧ እየተጣባ።
ልጁ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ሁለት ኪሎ አልሞላም፤
ጩኸቱን የሰማ ግን ዘበኛው አልተኛም።
ከጎኑ ያለው ደግሞ፣ ባለ አራት ኪሎው፣
እንደ ድመት ግልገል ነው ሲያለቅስ የሚሰማው።

ተከራከርን በዋጋ። መቶ ብር ቀነሰ፣
መለዋወጫ ክር ሰጠኝ።
አልክድም፣ ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ
ያ ጉማሬ ግድግዳው ላይ አለ፤
ደረቴን ይጠራዋል።
ጎበዝ ነው። ይቅናው።

ወደ ቤት አልሄድኩም። ከሐይቁ ዳር ወረድኩ፤
ዋርካው ሥር ተቀምጬ አንቺሆዬ ቃኘሁ፤
ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ማንም አልታዘበኝ፣
አንድ እንጨት የጫነ ታንኳ ቀዛፊ በቀር።
ደረሰ፣ መቅዘፊያውን አሸዋ ላይ ተከለ፤
«ሲስተር አይደለሽም ወይ? የኔን ልጅ ያዋለድሽ?» አለ።
«ነኝ» አልኩት።
ያቀፍኳትን አየ፣ ጭረቷን በጣቱ ዳሰሰ፤
ሳቅ አለ።
«ታዲያ ይቺስ ስንት ኪሎ መዘነች?»

«እንጃ» አልኩት። ዐሥራ አንድ ዓመት ኪሎ በመዝገብ ጽፌ፣
ዛሬ ገና ተቀመጥኩ ያልመዘንኳትን አቅፌ።